ብርነሽ የከለከለችው ቃል

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዘንድሮው የወላይታ ሶዶ ጉድ ናዝራዊት ነበረች። ከአዲስ አበባ በመኪና መጥታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በዓል በሚታየው ቴአትር የእናቲቱን ቦታ ያዘች። ያ ቦታ የብርነሽ ነበር! ብርነሽ ያቺን እናት ስትጫወት ነው ጠጉሯ የሸበተው፤ በተበላና በቢጠና ከተሞች፣ አዳራሽ በሌለበት ሜዳ ላይ ሳይቀር ሰው አስለቅሳባታለች። አሁን ግን አዘጋጁ ኤርካሎ አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ ለዘንድሮ ጎረቤቲቱን ይጫወቱልን። ሕዝቡ የቴሌቪዥኗን ልጅ ማየት ይፈልጋል» አላት። የቅርብ ጸበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኼ ነው።

እሷ ብሎ ተዋናይ! ብርነሽ የምታውቃት፣ እንስራ አዝላ መድረኩን ብቻ አቋርጪ ተብላ እሱንም ተደናቅፋ ስትሰብር ነው። እጇን ይዛ አቋቋም ያስተማረቻትም ራሷ ብርነሽ ናት። ከዚያ ልጅት አዲስ አበባ ገባችና በተከታታይ ድራማ የሀብታም ሚስት ሆነች። ሥራዋ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስልክ እያነሱ «ምን አልክ?» ማለት ነው። ቀረጻ ላይ አንዷን ዓረፍተ ነገር ከካሜራው ኋላ ይነግሯታል፣ ትደግማለች፤ ከተሳሳተች እንደገና ነው። እንባዋ እንኳ ከዓይን ጠብታ ብልቃጥ የሚወጣ ነው። ቃል በማንኪያ እየጎረሰች ኖራ አሁን መጥታ እናት ልትሆን!

በልምምድ ጊዜ ቃሉ ሲጠፋት ስልኳን አውጥታ ታነባለች። አንድ ቀን ደግሞ፣ «እትዬ ብርነሽ፣ እርስዎ እኮ በጣም ይጮኻሉ። ተፈጥሯዊ አይመስልም» አለቻት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ይቺ ልጅ ሰው ፊት ከተዋረደች፣ ቡድኑ ለቀጣዩ ትርኢት ወደ ገሱባ ከተማ ሳይጓዝ ቦታዬ ይመለስልኛል ብላ አሰበች ብርነሽ፤ ይህችን ቀን መጠበቅ ጀመረች።

በዕለቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ናዝራዊት በፀጉሯ ላይ ዱቄት ነስንሳ አረጀሁ ብላ ወጣች፤ ገና ብቅ ከማለቷ ጭብጨባው ቀለጠ። ምን ሠራችና? ከዚያ ትልቁ ቦታ ደረሰ። ጎረቤቲቱ ገብታ እናቲቱን የልጇን ሞት ታረዳታለች፣ እናቲቱም ረጅሙን ሙሾ ታወርዳለች። ብርነሽ ገብታ አረዳች። ናዝራዊት አፏን ከፈተች፤ የሚወጣ ነገር የለም። ዓይኗ ፈጦ ብርነሽ ላይ ተተከለ።

የቡድኑ ደንብ የታወቀ ነው፤ መድረክ ላይ ቃል የጠፋበትን ጓደኛ፣ አጠገቡ ያለው ቃል ያቀብለዋል። «ልጅሽ ሲወጣ ምን ብሎሽ ነበር?» ብትላት ሙሾው ይመጣላት ነበር። ጥያቄው ብርነሽ ምላስ ላይ ነው። ዋጠችው። «በይ እንግዲህ፣ ካሜራሽ የት አለ?» አለች በሆዷ፣ እጇን አጣምራ።

ናዝራዊት ተንበረከከች፣ ከድንጋጤዋ የተነሳ የእውነት አለቀሰች። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጫነች፤ ቀጥላ ሌላዋ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነፋረቀ። መጋረጃው ሲዘጋ ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ወይ ሕዝብ! ፍርሃትንና ሐዘንን መለየት ያቃተው!

ከመድረክ ጀርባ ሰው ናዝራዊትን ለፎቶ ከበባት። ከተበላ የመጣች አንዲት ነጋዴ አቅፋ እየሳመቻት፣ «አንጀቴን በላሽው እኮ! እኚህ ጎረቤት ሆነው የገቡት እናት ቃሉ ጠፍቷቸው ባያስጨንቁሽ ኖሮማ…» አለች። ናዝራዊት ዓይኗን እየጠረገች፣ «ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» አለች። ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም፣ ይቺ ሌባ!

ኤርካሎ ግን ጽሑፉን ያውቃል። ብርነሽን ወደ ጥግ ወሰዳት።

«እትዬ፣ ልጅቷ ቃል እንደጠፋት ገብቶኛል። ማቀበል ግን የእርስዎ ነበር። እርስዎ አንድም ቀን ሰው ጥለው አያውቁም፤ ደክሞዎታል ማለት ነው። ለገሱባው ተጠባባቂዋ ፈጠነች ትተካዎት፣ እርስዎ ይረፉ።»

«አልደከመኝም!» ብላ ጮኸች ብርነሽ። «ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ሆን ብዬ ነው የከለከልኳት፣ ሰማህ? ሆን ብዬ!»

ኤርካሎ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳመ። «እርስዎማ እንዲህ አያደርጉም፣ እትዬ። ሌላ ሰው ቢሆን አምን ነበር።»

ይኼኔ ናዝራዊት መጥታ ክንዷን ያዘቻት። «እትዬን እኔ ላውርዳቸው፤ ደረጃው ያዳልጣል።»