የእትዬ አልታየች ስም ሲጠራ

እኔ አሻግሬ ልብስ ሰፊው ዝም አልኩ ብል መካነ ሰላም ውስጥ የሚያምነኝ ሰው የለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ ከእድር ዳኛው ጋር የምጨቃጨቅ ሰው ነኝ። ታዲያ ያን እሑድ ምን ነካኝ? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ በማንም አይደለም፣ በራሴ።

ስድሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ቀበሌ የሚባለው ከተቋቋመ ገና ወራቱ። ከገበያው ሽቅብ የሚወጣው መንገዳችን ጠባብ ነው። በረሃቡ ጊዜ፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ የእርዳታ እህል የጫነ መኪና እኔ ደጃፍ ላይ ተቀርቅሮ ሰው በጀርባው እያመላለሰ ነው ያራገፈው። ስለዚህ መንገዱ ይስፋ ተባለ። ይስፋ! ማን ይጠላል? ግን ከደሴ የመጣው ቀያሽ ገመዱን ዘርግቶ ቢለካ፣ ወይ በላይ በኩል ያለው የእትዬ አልታየች ቤት ይፈርሳል፣ ወይ በታች በኩል ያለው የእኔ። «ሕዝቡ ይወስን» ብሎ ሄደ። አይ ሕዝብ!

እትዬ አልታየች ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። በክፉው ቀን ከጉድጓዳቸው ያወጡትን ገብስ አምስት ወር ከእኛ ጋር ተካፍለው በልተዋል። ሦስቱ ልጆቼ ዛሬ ቆመው የሚሄዱት በዚያ ገብስ ነው፤ ምን ላድበሰብሰው።

ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው ደጄ መጡ። «አሻግሬ፣ ልጄ መውለጃዋ ደርሶ አቀስታ ልሄድ ነው። ስሜ ሲጠራ አለች በልልኝ። እሷ ሳትኖር አይወሰንም በልልኝ። አንተ አፍ አለህ።»

«ይሂዱ እትዬ! እኔ እያለሁ ማን አባቱ ነው የሚነካዎት?» አልኩ፤ ማርያምን ከልቤ ነበር።

«አደራ» አሉኝ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ?

እሑድ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰብን። መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ሽንቴ መጣ ብዬ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ጣቴ ላይ ክር እጠመጥማለሁ፣ እፈታለሁ። ሚስቴ ፈንታዬ በክርኗ ትጎስመኛለች። «ዛሬ እንኳ አርፈህ ተቀመጥ! የስፌት መኪናህን ይዘህ የት ልትገባ ነው? ልጆቹንስ የት ልታስተኛ?»

ሊቀ መንበሩ ጀብሪል ተነሣ። «ጓዶች፣ መንገዱ የሚነካቸው ሰዎች ስም ይጠራል። አስተያየት ያለው ይናገር። ያልመጣ ተቃውሞ የለውም ማለት ነው» አለ። የማን ሕግ ነው ይሄ? በሌላ ቀን ቢሆን ቃሉን ሳላስመልሰው አልቀመጥም ነበር።

«አሻግሬ!»

«አለሁ!» ብዬ ተነሣሁ። ስለ ቤቴ ተናገርኩ፤ አሳምሬ ተናገርኩ፤ ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ።

«ወይዘሮ አልታየች!»

ጀብሪል አንገቱን አስግጎ ወዲያ ወዲህ አየ። «የሉም?»

ስለ እሳቸው ከተነሣሁ ገመዱ ወደ እኔ ይዞራል። ፈንታዬ እጄን ጨብጣ ይዛኛለች፤ ባትይዘኝም ግን አልነሣም ነበር፣ በሷ አላላክክም።

«የሉም» አለ ጀብሪል፤ ጻፈው። የእሳቸው ቤት ይፍረስ የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። እጅ ወጣ። የእኔም እጅ ወጣ። ኧረ ጉድ!

እትዬ አልታየች ከአቀስታ ሲመለሱ ግድግዳቸው ወርዷል። ከማሽኔ ኋላ ሆኜ አየኋቸው። ፍርስራሹን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ይርገሙኝ፣ ይገባኛል አልኩ በሆዴ።

ትከሻዬን ያዙኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ክንዴን፣ ጀርባዬን ዳበሱኝ።

«በእኔ የተነሣ አልመቱህም? አላሰሩህም?»

«የለም፣ እትዬ።»

«አልሃምዱሊላህ! ቤቱ መፍረሱን አቀስታ ገበያ ላይ ስሰማ፣ ያ ልጅ ስለ እኔ ሲሟገት ምን አርገውት ይሆን እያልኩ መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ መጣሁ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ቤትስ ይሠራል። አንተን ቢያስሩብኝ ልጆችህን ምን ብዬ አያቸው ነበር?»