ለአብዱናሲር ያልነገርኩት

ረዲ የወረዳችን የተፋሰስ ልማት ኃላፊ ሆኖ ሲመጣ፣ ከአዋሽ ከተማ በታች ያለው የወንዝ ዳር ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ዛፉ ለከሰል ሄዷል፤ ሣሩን ከብቶቻችን ከሥሩ ግጠውታል። ወንዙ በየክረምቱ አፈሩን እየናደ ወደ ቤቶቻችን ይጠጋል። ረዲ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሰርግ ተጠርቶ እንኳ ስለ ሣር ያወራል። ሴቶቹ «የሣር ሙሽራ» ይሉት ነበር።

እኔ የጎሳ ሽማግሌ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት፣ በጥር፣ ሰመራ ለስብሰባ ወሰደኝ። ዕቅዱን እዚያ ሰማሁ። የወንዙ አንዱ ዳር ብቻ ለሁለት ክረምት ከከብት ይጠበቃል፤ ሌላው ክፍት ነው። ሣሩ ሲያድግ እየታጨደ ለየቤቱ ይከፋፈላል። የሰፈራችን ሴቶች፣ ሐጂራና ጓደኞቿ፣ ችግኝ ማፍላት ጀምረዋል፤ እሱም ይተከላል።

«አባቴ፣ ለሰዉ ይንገሩልኝ» አለ ረዲ። «እኔን ሹም ነው ብለው አይሰሙኝም።»

«እነግራለሁ» አልኩ።

በማግስቱ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ሰፈር ስሄድ፣ የሚስቴ ወንድም አብዱናሲር ከብቶቹን ይዞ አገኘኝ። በእኛ ዘንድ መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ወሬ ሳይጠያየቅ አያልፍም። ዳጉ እንለዋለን። የሰማ ሰው ለሚቀጥለው ያደርሳል። አባቴ ያስተማረኝ ያየኸውን ተናገር፣ ገና ያልሆነውን ተው ነው። በዚህ እኮራ ነበር።

ቁጭ አልን።

«ሰመራ ምን አበሉህ? ሆድህ ቀድሞህ ነው የመጣው» አለ አብዱናሲር።

«ሩዝ።»

«ሥጋውን ለራሳቸው አስቀሩታ።»

«ሥጋም ነበር። ዳጉህን ጠይቅ።»

ጠየቀ። በሁለት መኪና የተጫነ የብረት ችካልና የሽቦ ጥቅል አይቻለሁ፣ ወደ እኛ ወንዝ የሚመጣ ነው አልኩት።

«ሊያጥሩት ነው?»

«ሽቦው ለዚያ ነው።»

«ለሁልጊዜ?»

«የሚሉት ነገር አለ። ግን ገና ቃል ነው። ሲሆን ካየሁ እነግርሃለሁ።»

አብዱናሲር መቀለዱን ተወ። ተነስቶ ከብቶቹን ወደ ወንዙ መለሰ።

ወሬው በማግስቱ፣ የዐስር ሶላት ሳይሰገድ፣ እኔ የማላውቀው ሰፈር ደርሶ ነበር። ወደ እኛ ዳር መጥተው የማያውቁ ሰዎች ሳይዘጋ ይብሉ ብለው መንጋቸውን ነዱ። በሦስተኛው ቀን ረዲ ችካሉን አስጭኖ ሲደርስ የነበረችው ጥቂት ሣር እንኳ አልቀረችም። ከብቶቹ የሐጂራን ችግኝ ጣቢያ ጥሰው ገብተው ረግጠውታል። ሐጂራ የተቀደዱትን ፕላስቲኮች እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አላየችንም።

ረዲ ሰዉን ሰበሰበ። «ሁለት ክረምት ነው ያልነው። ለዘላለም ይዘጋል ያለው ማነው?» አለ።

አብዱናሲር አየኝ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ። እኔ ለዘላለም አላልኩም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነትም አላልኩም። ዝም አልኩ።

ሕዝቡን ሳያሳምን ሥራ ጀመረ ተብሎ ረዲ ከቦታው ተነሳ። ችካሉንም መልሰው ጫኑት። ከዚያ ወዲህ ወንዙ የሐጂራን ቤትና የጎረቤቷን ወስዷል። የእኔ ቤት አሁን ገደሉ አጠገብ ነው።

ባለፈው ወር ለዓይኔ ሕክምና ሰመራ ሄድኩ። ረዲን አንድ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እያየ አገኘሁት። ሻይ አስመጣልኝ።

«ሽቦውን የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ሁለቱን ክረምት ግን አልተናገርኩም።»

«አውቃለሁ፣ አባቴ። ሰዉን የሰበሰብኩ ዕለት ማታ አብዱናሲር ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ስሜን አላነሳህም?»

«ራስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ያን ጊዜ ቢናገሩ ሰዉ ይመለስ ነበር። ችግኙም እንደገና ይፈላ ነበር።»

«አሁንስ? ችካሉ ይገኛል?»

«አፋምቦ ወረዳ ተተክሏል። ለእናንተ በጀት የለም።»

በቁጣ አይደለም የተናገረው። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ዓይኔ ደካማ መሆኑን አይቶ ክንዴን ይዞ ደረጃውን አስወረደኝ፣ ባጃጅም ጠራልኝ። ባይሸኘኝ ይሻለኝ ነበር።