ስማችን የተለጠፈበት ሸክላ

የሰፈራችን አዳራሽ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሴቶች የእጅ ሙያ ያስተምሩበታል። አንደኛዋ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ጭቃ» የሚላት ሸክላ ሠሪ ናት። ስሙን ያወጡላት ሊሰድቧት ነበር። እሷ ግን «ከጭቃ ያልተሠራ ሰው ካለ ይምጣና ይሳቅብኝ» ብላ ተቀበለችው፤ ስድቡም በዚያው ከሰመ። ሁለተኛዋ የወንድሟ ልጅ ናት፤ ሸራና ቲሸርት ላይ ሥዕል ታትማለች። አክስትየዋ የጥንቱን፣ ልጅቱ የዛሬውን ያስተምሩናል፤ እኛም እጃችንን አንዴ ጭቃ፣ አንዴ ቀለም አድርገን ወደየቤታችን እንገባለን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእኔ ጋር ከሚማሩት መሀል ባለ ሉካንዳው፣ ጡረታ የወጡት ሻምበልና ጎረቤቴ መምህርት ነበሩ። መምህርት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ኖረው፣ ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። እኔው ነኝ ጎትቼ ያመጣኋቸው። መጀመሪያ ጥግ ይዘው ዝም ብለው ያዩ ነበር።

«እኔ ምን እጅ አለኝና ነው» አሏት እትዬ ጭቃን።

«ግራዎትን ይስጡኝ። ጭቃ ቀኝና ግራ አይለይም።»

ብዙ ቅዳሜ ለፍተው አንዲት ጎድጓዳ ሳህን ሠሩ። አንድ ጎኗ ዘመም ያለ፣ ከንፈሯ የወላለቀ ጥርስ የመሰለ ነበር። ከእሳት ወጥታ ስትቀዘቅዝ ግን በነጠላቸው ጠቅልለው አቀፏት፤ «እስቲ ልያት» ብዬ እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም። የአዳራሹ አዲሱ ኃላፊ ትልልቅ እንግዶች ስለሚመጡ ኤግዚቢሽን ይዘጋጅ፣ ሥራችሁን አምጡ ባለ ጊዜም መምህርት «የእኔ ትቅር» ብለው ነበር። «ኧረ እንዴት ይሆናል፣ የእርስዎማ መቅረት የለባትም!» አልናቸው። በዋዜማው ወስደው አስረከቡ።

በማግሥቱ ለብሰን አጊጠን መጣን። መደርደሪያው ላይ አንገታቸው ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ሁሉም አንድ ልክ የሆኑ ገንቦዎችና ሳህኖች ተሰልፈዋል። ከእያንዳንዳቸው ሥር በወረቀት ላይ የእኛ ስም ተለጥፏል። በእኔ ስም የተቀመጠውን አየሁት፤ በሕልሜም ሠርቼው አላውቅም። እትዬ ጭቃ አንዱን አንስታ ገለበጠችው። ቂጡ ላይ የፋብሪካ ማህተም አለ።

«የኛዎቹስ?» አለች።

ኃላፊው ክራቫቱን እያስተካከለ ፈገግ አለ። «ለዛሬ ብቻ ነው እትዬ፣ ለገጽታ። የእናንተዎቹ ትንሽ... ገና ናቸው። እንግዳ ምን ይለናል?»

«የት ናቸው ነው ያልኩህ።»

የወንድሟ ልጅ መሬት መሬቱን ታያለች። ባለ ሉካንዳው የጓሮውን በር ከፍቶ ወጣና «ኑ እስቲ ጉዳችሁን እዩ!» ብሎ ጮኸ።

ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ተከምሯል፤ የሻምበል ማሰሮ፣ የእኔ የአበባ ማስቀመጫ፣ ሁሉም ስብርብር ብሏል። የመምህርት ሳህን ከሦስት ተከፍላለች። አላለቀሱም። ጎንበስ ብለው በግራ እጃቸው እየለቀሙ ቀሚሳቸው ላይ አጠራቀሙት።

«እኔ እኮ ካላመጡ ባትሉኝ ኖሮ ቤቴ ነበረች» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያሳመመኝ ንግግር የለም።

እትዬ ጭቃ ወደ ወንድሟ ልጅ ዞረች። «ታውቂ ነበር?»

«ትናንት ነግሮኝ ነበር አክስቴ። የእኔን ሥዕሎች ዋናው ግድግዳ ላይ እሰቅላቸዋለሁ አለኝ። ሸክላዎቹን ዕቃ ቤት እናስቀምጣቸዋለን ነው ያለኝ፤ የሚሰበሩ አልመሰለኝም።»

«ባይሰበሩስ?»



ይህን ስንባባል እንግዶቹ አዳራሹ ገቡ፤ እኛም ተመለስን። ኃላፊው ምንም እንዳልተፈጠረ ደረቱን ነፍቶ ንግግሩን ጀመረ፤ «እነዚህን ያማሩ ሥራዎች ነዋሪዎቻችን በገዛ እጃቸው...» ዓይን ያወጣ ውሸት ማለት ይሄ ነው! አንዲት እንግዳ የሻምበልን ስም ከወረቀቱ ላይ አንብባ፣ ማነው ብላ ጠየቀች። ሻምበል እንደ ሰልፍ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

«እንዴት ያምራል! አስቸገረዎት?»

«አላስቸገረኝም። ምክንያቱም እኔ አልሠራሁትም። የእኔ እጀታዋ የተንጋደደች ነበረች፤ ሰብረው ጥለዋታል።»

ኃላፊው ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ሻምበል ቀልድ ይወዳሉ።»

እኔ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ሄጄ ስሜን ከመደርደሪያው ላይ ገሽልጬ ኪሴ ከተትኩት። ባለ ሉካንዳው ተከተለኝ። መምህርት ስብርባሪያቸውን እንደታቀፉ መጥተው በስማቸው የተቀመጠውን የፋብሪካ ሳህን ወደ ዳር ገፋ አደረጉና የራሳቸውን ሦስት ስባሪ በቦታው ደረደሩ። እትዬ ጭቃ ደግሞ ኃላፊውን ፊት ለፊት ቆማ፣

«ማሳፈር ካማረህ በራሳችን ሥራ አሳፍረን። ጎባጣም ቢሆን የኛ ነው። በሰው ሥራ ስታስመሰግነን ግን ሌባ ነው ያደረግከን!» አለችው።

ልጅቱ ወንበር ወደ ዋናው ግድግዳ ጎትታ ወጣችበት፤ ሥዕሎቿን አንድ በአንድ ታወርድ ጀመር። አክስቷ አላመሰገነቻትም። ሄዳ ወንበሩን ብቻ ያዘችላት።

እንግዶቹ ደንግጠው የተመለሱ እንዳይመስላችሁ። ጥቂቶቹ ተንሾካሾኩ፤ ሌሎቹ የፋብሪካውን ገንቦ ፎቶ አንስተው፣ ለስላሳቸውን ጠጥተው ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንመጣ የአዳራሹ ቁልፍ ተቀይሯል። ትምህርቱ የተዘጋው «ተማሪዎቹ ሥርዓት ስለጎደላቸው» ነው ተባለ። ሥርዓት የጎደለን እኛ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ። ሰውዬው ዛሬም ያው ወንበሩ ላይ ነው። «ይቅር በይው፣ ሰው ይሳሳታል» ይሉኛል። ይቅርታ የጠየቀኝ ማን አለና?

ባለ ሉካንዳው ጓሮውን ለቀቀልን፤ ቆርቆሮ ዘርግተን እዚያ መማር ጀመርን። አክስትና ልጅም መነጋገር ጀምረዋል፤ እንደ ድሮው ባይሆንም። መምህርት ግን ቀሩ። ሰንበትበት ሲሉብን እትዬ ጭቃ እርጥብ ጭቃ በላስቲክ ጠቅልላ ቤታቸው ይዛኝ ሄደች።

«እኔ ከእንግዲህ አልመጣም» አሉ ገና በሩን ሲከፍቱ።

«አይምጡ። ጭቃው ራሱ መጥቷል።»

ሳይወዱ ሳቁ። ጭቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። ላስቲኩን ገለጥ አደረጉና በግራ ቡጢያቸው አንዴ መቱት። ደገሙት። «ያ ኃላፊ ማን ነኝ ብሎ ነው!» አሉ፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። «በማን እጅ ሥራ ነው የሚጫወተው!» ፊታቸው ቀላ፣ ነጠላቸው ወለሉ ላይ ወደቀ። ላነሳላቸው ስል እትዬ ጭቃ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተያቸው» አለችኝ። «እንደሱ ነው የሚቦካው።»