የአጥቂው መርዶ

ከባለቤቴ ከሰይፈ ገብርኤል አፍ ክፉ ቃል አይወጣም። ይህን ስል ማመስገኔ ብቻ አይደለም። ሃያ ሰባት ዓመት አብሬው ስኖር ወጡ ጨው ሲበዛበት እንኳ «ዛሬ ውሃ ውሃ ይለኛል» ነው የሚለኝ። ጨው መብዛቱን ራሴ ቀምሼ ነው የማውቀው።

ሥራው ፍራንክፈርት የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ውስጥ ነው። ተጫዋቾቹ በስለታም ጫማቸው የቦጫጨሩትን በረዶ እየላገች እንደገና መስታወት የምታስመስል ትልቅ መኪና አለች፤ እሷን ይነዳል። ሌኒንግራድ የግድብ ምሕንድስና ነበር የተማረው። ዲፕሎማውን እዚህ የሚቀበለው ሲያጣ «ያው ይሄም ውሃ ነው» ብሎ ራሱን አጽናና። እኔ ደግሞ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ የመንገደኛ ምግብ አሽጋለሁ፤ እኔን የሚያጽናና ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

በፈረንጆቹ 2008 መስከረም መጨረሻ ላይ ቡድኑ ቫዲም ትሩሽኪን የሚባል ሩሲያዊ አጥቂ አስመጣ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከፊት ሦስት ጥርስ የለውም። ኡራል ተራሮች ሥር ባለች የፋብሪካ ከተማ፣ በአራት ዓመቱ ኩሬ ላይ ጀምሮ፣ በሃያዎቹ ዕድሜው ፎቶው ጋዜጣ ላይ ይወጣ ነበር አሉ። ከዚያ ሳይቤሪያ፣ ከዚያ ፊንላንድ፣ ከዚያ ስሎቫኪያ፣ እንዲህ እያለ የእኛው ዘጠነኛ ቡድኑ ሆነ። ሲመጣ ጀርመንኛ አንድ ቃል አያውቅም። በአዳራሹ ውስጥ ሩሲያኛ የሚያውቀው ደግሞ የእኔው ሰይፌ ብቻ ነበር። ሩሲያኛ እችላለሁ ሲል ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ለሥራ ሲውል ያየሁት ግን ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አሠልጣኙ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ «ንገረው፣ እንደ እርጉዝ ላም ነው የሚሮጠው!» ብሎ ይጮኻል። ሰይፌ ጎንበስ ብሎ በሩሲያኛ «ትንሽ ፈጠን ብትል ደስ ይላቸዋል» ይለዋል። ቫዲም «ንገረው፣ እኔ ሆኪ ስጀምር እሱ ኩሬ ውስጥ ዳክዬ ይጠብቅ ነበር» ይላል። ሰይፌ ወደ አሠልጣኙ ዞሮ «ስለ ምክርዎ ያመሰግናል» ይላል። የጀርመንኛውን እኔ አዳራሹ እየሄድኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የሩሲያኛውን ራሱ እራት ላይ ያጫውተኛል፣ ሌላ ሰው የሠራው ይመስል። አሠልጣኙና ቫዲም በዚህ ሁኔታ አምስት ወር ተዋደው ኖሩ። አንዳቸው ያንዳቸውን ቋንቋ ቢያውቁ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ሆስፒታል ይገባ ነበር።

ቫዲም ሰይፌን «ሴቫ»፣ እኔን ገላነሽን «ጋሊያ» እያለ ቤታችን መመላለስ ጀመረ። ሽሮ ወደደ። እኔም ወደድኩት፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ በየካቲት መጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ፣ ሰይፌ ከሥራ መጥቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ምንም። የቫዲም ሚስት ልትመጣ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ጥሩ አይደል?»

«ጥሩ ነው። ሰኞ ጠዋት አፓርታማቸውን ትሸጣለች። የሽያጩን ውል ልትፈርም ቀጠሮ ይዛለች። ልጁንም ከትምህርት ቤት አስወጥታዋለች።»

«ሰይፌ፣ ካፖርትህን ለምን አታወልቅም?»

ቀስ በቀስ አወጣሁት። ለካ ከአሥር ቀን በፊት አሠልጣኙ ጠርቶት «ንገረው፣ አብቅቶለታል። እግሩ ሞቷል። ለሚቀጥለው ዓመት ፈርትራግ የለውም» ብሎታል፤ ፈርትራግ የሥራ ውል ነው። ባለቤቴ ይህን ይዞ ሄዶ ለቫዲም ያለው እንዲህ ነው፤ «አሠልጣኙ ስለ መጪው ዓመት ብዙ እያሰቡ ነው። አንተም ሰፋ አድርገህ ብታስብበት ጥሩ ነው።» ቫዲምም ሰፋ አድርጎ አሰበ። ቤት ሽጣችሁ ኑ ብሎ ለሚስቱ ደወለ።

ጮኽኩበት። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽኩበት። «አንተ ሰውዬ፣ በመልካም አፍህ ሰው ሜዳ ላይ ልትበትን ነው! አሁኑኑ ደውለህ ንገረው!»

«በስልክ?» አለኝ፣ ስድብ የሰማ ይመስል። «በስልክ ይነገራል እንዴ እንዲህ ያለ ነገር?»

ልጃችን ፍሬ ከክፍሏ ሆና በጀርመንኛ «ኤስኤምኤስ ላኩለትና ጨርሱ» አለች። እኛ ግን በአንድ ነገር ተስማማን። ሰይፌ እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ሰው ቤቱ ተኪዶ፣ በማለዳ፣ ለብቻው ሳይሆን ሰብሰብ ተብሎ ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። ለዚህ የሚሆን ሰውም አለን።

ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ አልክድም።

ዶክተር ሐዲስ ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው። በፍራንክፈርት አበሻ መካከል መርዶ ሲኖር ያለ እሳቸው በር አይንኳኳም። ደውዬ «ዶክተር፣ ነገ ማለዳ እርስዎን አስቸግረን ነበር» ስላቸው ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቁም። «ስንት ሰዓት ልምጣ?» ብቻ አሉ። ኋላ ነገሩን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ሥራውም ነፍሱ ነው» አሉ።

ባዶ እጅ አይኬድም፤ ደግሞም ጾም ነው። ስለዚህ ስንዴና ሽምብራ ንፍሮ ቀቀልኩ። ዓርብ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስታችን ሪደርቫልድ ሰፈር፣ የቫዲም በር ላይ ቆመናል። ዶክተር ሐዲስ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄዋለሁ፤ ለሚያምነኝ፣ እጄ ከልማድ ያደረገው እንጂ አስቤው አይደለም።

ቫዲም በውስጥ ሱሪ ከፈተ። በመጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ የዶክተርን ካፖርት አየ። ነጠላዬን አየ። የሰይፌን ፊት አየ። እኔም በዚህ መሀል የሚበላ ነገር ማምጣታችንን ባሳየው ደስ ይለዋል ብዬ የንፍሮውን ክዳን ከፈት አደረግሁለት።

ሰውየው በቁሙ ነጣ። የበሩን መቃን ያዘ።

ኋላ ነው የሰማሁት። በእነሱም አገር የተቀቀለ ስንዴ የሚቀርበው ለቀብር ነው። አያቱ ስንዴ ሲቀቅሉ ያየው ቤት ውስጥ ሬሳ ሲኖር ብቻ ነበር።

ዶክተር ሐዲስ ግን ልምድ አላቸው፤ የሰው መንጣት አያስደነግጣቸውም። ትከሻውን ያዝ አድርገው በአማርኛ ጀመሩ። «ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን። የተጀመረ ሁሉ ይፈጸማል። ጠንከር በል።»

ባለቤቴ፣ አምስት ወር ሙሉ አንዲት ቃል እንዳለች አስተርጉሞ የማያውቀው ባለቤቴ፣ ይህችን አንዲትም ሳያጎድል፣ ቃል በቃል ወደ ሩሲያኛ መለሳት።

«ማማ?» አለ ቫዲም።

ሩሲያኛ አላውቅም፤ ይህን ለመስማት ግን ሩሲያኛ አያስፈልግም። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። ሰይፌ አፉን ከፈተ፤ የሚያለሳልስበት ቃል እየፈለገ እንደሆነ ከፊቱ አነበብኩ። ከእሱ ቀድሜ በጀርመንኛ ጮኽኩ።

«ማማ አይደለችም! ፈርትራግ! ፈርትራግ ካፑት!»

«ፈርትራግ?» አለ።

«ፈርትራግ! ካፑት!»

ውሉ አብቅቶለታል ማለቴ ነው፤ ይህን ያህል ጀርመንኛ እሱም ያውቅ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሳቀ። በእነዚያ በጎደሉት ጥርሶቹ በኩል አየሩ እያፏጨ፣ እያማተበ፣ የዶክተር ሐዲስን እግር ይዞ ሳቀ። ስልኩን አንሥቶ ኡራል እናቱ ጋ ደወለ። ሴትየዋ ምን ብላ እንደምትሰድበው አልገባኝም፤ እስከ ደረጃው ድረስ ግን ይሰማል። እየሰማ እንባውን ይጠርጋል። ቀጥሎ ለሚስቱ ደወለ። «አትፈርሚ» አላት፤ ሰይፌ ተረጎመልን።

ከዚያ ገብተን ተቀመጥን። ሰይፌ ራሱን አቀርቅሮ ያደረገውን ሁሉ ተናዘዘ። ላሟንም፣ ዳክዬውንም፣ ሰፋ አድርገህ አስብንም። ቫዲም እየሰማ ንፍሮውን በእፍኙ ይበላል። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እየበላ ማልቀስ ጀመረ፤ ይህኛው የደስታ አልነበረም።

ፊቱን በእጁ ጠርጎ ተናገረ፤ ሰይፌ ተረጎመልን። «ስምንት ቡድን አሰናብቶኛል። አንዱ በፋክስ፣ አንዱ በኤስኤምኤስ። አንዱ ጋ ልምምድ ስሄድ ስሜን ከቁምሳጥኔ ላይ ልጠውት አገኘሁ። ቤቴ የመጣ የለም።» ከዚያ ዶክተርን ጠየቃቸው፤ «እናንተ ዘንድ ሰው ስንት ቀን ነው የሚመጣው?»

«ሦስት ቀን» አሉት።

«እንግዲያው ነገም ኑ።»

ቅዳሜም ሄድን። እሑድ ሦስተኛው ቀን ነበር፤ ያን ቀን ግን ቡድኑ በራሱ ሜዳ የሚያደርገው የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ስለነበር ለቅሶውን ወደ አዳራሹ አዛወርነው። ዶክተር ሐዲስ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሆኪ አዩ፤ «እነዚህ ሰዎች ምን ተበዳድለው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ በረዶ መላጊያዋ መኪና በምትወጣበት በር፣ ከሰይፌ አጠገብ ቆሜያለሁ።

ቫዲም ግብ አላገባም። ባዶ ግብ ፊት ለፊት አግኝቶ ሳተና በቂጡ ወደቀ። አሠልጣኙ ያንኑ የለመደውን ጮኸ። ቫዲም እየተነሣ «ምን አለ?» እንደማለት ወደ ሰይፌ አየ። ሰይፌ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቀይ ሆኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እርጉዟን ላም እንዳለች ነገረው። ቫዲም ተንበርክኮ እስኪቀር ሳቀ።

ጨዋታው አልቆ ሰው ሲወጣ ቫዲም ብቻውን በረዶው ላይ ቀረ። ሁለት ዙር ቀስ ብሎ ዞሮ ወደ በሩ መጣ። አሠልጣኙ እዚያው ነበር። እጁን ዘረጋለት፤ ወደ ሰይፌም ሳያይ፣ ዝግ ባለ ድምፅ በጀርመንኛ ተናገረ።

«ንገረው፣ ሃያ ዓመት አሠልጥኛለሁ። ጨዋታን እንደሱ ቀድሞ የሚያይ አጥቂ በእጄ አላለፈም። ምነው በሃያ አምስት ዓመቱ ባገኘው ኖሮ።»

ሰይፌ ተረጎመ። ቫዲም ሰማና ራሱን ነቀነቀ። ሰይፌን በጓንቱ ደረቱ ላይ ገፋ አድርጎ የሆነ ነገር አለው።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ሴቫ፣ ደግሞ ጀመርክ አለኝ።» ባለቤቴ ፊቱ የልጅ ፊት ሆኖ ወደ እኔ ዞረ። «አላምን አለኝ፣ ገላነሽ። በሚካኤል እምላለሁ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።»

ቫዲምም እኔን አየኝ። «ጋሊያ?» አለ።

«ቃል በቃል ነው» አልኩት በጀርመንኛ፤ በጣቴም አሠልጣኙን፣ ከዚያ እሱን አሳየሁት። «እሱ ነው ያለው። ስላንተ።»

እኔን አመነኝ። ፈርትራግ ካፑት ያልኩት እኔ ነኛ። የራስ መከላከያውን አወለቀና ፊቱን ወደ ባዶው በረዶ አዞረ፤ ሰይፌም ቫዲም እስኪበቃው ድረስ በረዶ መላጊያዋን መኪና አላስነሣም።