የዙሀራ ጣሪያ

ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር፤ ሰማዩ ደመና አልነበረውም፣ ነፋሱም የዳሱን ሸራ እያነሣ ይጥል ነበር። ሠርክአዲስ ጠርሙሱን ከሟች ወንድሟ የሥራ ቦርሳ አውጥታ፣ በእሷና በወንድሟ ሚስት መካከል ምንጣፉ ላይ አቆመችው።

«አንብቢልኝ» አለች። «እኔ መነጽሬን ጎጃም ጥዬ ነው የመጣሁት።»

ለተገብርኤል አላነሣችውም። ማንበብ አላስፈለጋትም፤ በነጩ ጠርሙስ ላይ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ የወረደ ሴት ትስቃለች።

«የጸጉር ማንጫ ክሬም ነው።»

«የማን ጸጉር?»

በዳሱ ጥግ የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። የለተገብርኤል ራስ በጥቁር ሻሽ ታስሯል። ከሻሹ ሥር ያለው ጸጉር ለሐዘኑ ተቆርጧል፤ ከመቆረጡ በፊትም ሽበቱን ቀለም ነክቶት አያውቅም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«አላውቅም፣ እትዬ ሠርክ።»

«ወንድሜ ከሴቶች ጸጉር ቤት ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። እሱንስ ታውቂያለሽ?»

«ደረጃው የሕንፃው ነው። ሕንፃው ውስጥ ፋርማሲም አለ።»

«ፋርማሲው ምድር ቤት ነው። እሱ የወደቀው ከላይ ሲወርድ ነው። ጠይቄያለሁ።»

«መጠየቅዎን አየሁ። ከመጡ ጀምሮ ከማልቀስ ይልቅ ሲጠይቁ ነው የዋሉት።»

«የማለቅስበትን መች ተዋችሁልኝ? ከአውሮፕላን ስወርድ አፈር አልብሳችሁ ጠበቃችሁኝ።»

«አስከሬን እንግዳ አይጠብቅም።»

«እንግዳ!» አለች ሠርክአዲስ። ቃሉን እንደ አጥንት ከአፏ አውጥታ ያየችው ይመስል ነበር። «እንግዳ አልሽኝ።»

ለተገብርኤል ቃሉን ልትመልሰው ብትፈልግ ትችል ነበር፤ አልፈለገችም።

ሟቹ ይበልጣል ወደ መቀሌ የመጣው ለዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ክፍል ባለሙያ ሆኖ ነበር። መጥቶ ቀረ። አገባ፣ ትግርኛ ለመደ፤ በትግርኛ ሲቆጣ ግን ሰው ይስቅበት ስለነበር ቁጣውን በአማርኛ አቆየው። ፍቅሩ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ነበሩ፤ ማውስ ከመለመዱ በፊት የተሠሩ፣ መሥሪያ ቤቶች አቧራ አልብሰው የረሷቸው። ከየግምጃ ቤቱ እየለመነ ያመጣቸዋል። ያበጠውን ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ትንሽ ዕቃ፣ ነቅሎ አዲስ ይበይዳል። የሞተውን ዲስክ አውጥቶ በቦታው የስልክ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ማስማሚያ ይገጥማል፤ ሽማግሌው ማሽን ከወጣትነቱ ይልቅ ብዙ እንዲያስታውስ ያደርገዋል። ከዚያ ያበራዋል። ስክሪኑ ላይ ፊደል ሲወጣ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያል።

«ምን ይሠራል?» ትለው ነበር።

«ይሠራል።»

«ምን?»

«ይሠራል እኮ ነው የምልሽ።»

ያኔ ትስቅ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ሳቁ ቆመ። ቤት ለቤት የሚፈትሹ ታጣቂዎች ጓዳውን ከፈቱና መደርደሪያውን፣ ሽቦውን፣ የተፈታታውን ብረት አዩ።

«በዚህ ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?»

«ከማንም ጋር አያገናኙም» አለ ይበልጣል። «ኢንተርኔት ሳይመጣ የተሠሩ ናቸው።»

እውነት ነበር። ከዚያ የባሰ መልስ ግን ሊሰጥ አይችልም ነበር። ወሰዱት። ሲመለስ ሱሪው በገመድ ታስሮ ነበር። ለተገብርኤል ከማቀፏ በፊት በሩ ላይ አቆመችውና በገብርኤል አስማለችው፤ ከእንግዲህ አንድም ኮምፒዩተር በዚህ በር እንዳይገባ። ማለ። የነበሩትንም በገዛ እጁ እያወጣ ጣላቸው። እሷ መስኮት ሥር ቆማ፣ እያንዳንዱን ሲያስቀምጥ እንዳይሰበር መጠንቀቁን አየች፤ ያ ጥንቃቄ አናደዳት።

ከጊዜ በኋላ ቀትር ላይ በእግር መሄድ ጀመረ።

«በዚህ ፀሐይ?»

«ፀሐይ ለአጥንት ጥሩ ነው።»

ዙሀራ ወደ ዳሱ ስትገባ ማንም ቦታ አልለቀቀላትም። በጥቁር ሒጃብ ተሸፍናለች፤ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በዚያው ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ያለው የውበት ሳሎን ባለቤት ናት። ይበልጣልን ከደረጃው አንሥታ በባጃጅ ሐኪም ቤት ያደረሰችውም እሷ ነበረች። ለዚህ ያመሰገናት አልነበረም።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች።

«ደፋር ናት» አለች አንዷ በትግርኛ፣ ድምጿን ሳትቀንስ።

ሠርክአዲስ ትግርኛ አታውቅም፤ ቃናው ግን በቃት። ጠርሙሱን በአውራ ጣቷ ወደ ዙሀራ ገፋችው።

«ያንቺ ነው?»

«ከእኔ ነው የወሰደው።»

«ለማን የሚቀባ?»

ዙሀራ የሒጃቧን ጫፍ ሰበሰበች።

«አንደበት የለሽም? የወንድሜ ጸጉር ሳያገባ ነው ያለቀው። መላጣ ሰው ምኑን ያነጣል?»

ከሴቶቹ መካከል ሳቅ አመለጠ፤ በነጠላ ታፈነ። ለተገብርኤል ሳቁ ከየት እንደመጣ ለማየት ቀና አላለችም። ዙሀራን ነበር የምታየው። የሴትዮዋን ጣቶች፣ ቁመቷን፣ ዕድሜዋን መዘነች። ሃያ ዓመት የኖረችበት ትዳር በዚህች ሴት አንድ ቃል እውነት ወይም ውሸት ሊሆን ነው፤ ቃሉ ደግሞ አልመጣም።

«ኣደይ ለተ፣ እናቴ» አለች ዙሀራ በመጨረሻ፤ ለሠርክአዲስ ጀርባዋን ሰጥታ። «እንዳይሰሙ አደራ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን እኔ ጋ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። መጥተው ይዩት።»

«ይዘሽው ነይ።»

«እኔ አልነካውም። ወላሂ፣ እፈራለሁ። እርስዎ ይምጡ።»

«ልጅ ነው» አለ አንድ ሹክሹክታ። «ልጅ ነው» እያለ በዳሱ ዙሪያ ሄደ።

ለተገብርኤል ተነሣች።

«ተቀመጪ!» አለች ሠርክአዲስ። «ሐዘንተኛ ምንጣፏን ጥላ አትወጣም። ለቀስተኛው ማንን ያጽናና? ባሏን ቀብራ ወደ ውሽማው ቤት የሄደች ሴት የት ታይታለች?»

«ውሽማው መሆን አለመሆኗን ስመለስ እነግርዎታለሁ።»

በመንገዱ ዙሀራ ከፊት ሄደች፤ ለተገብርኤል ከኋላ፣ ሁለት ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ትታ። የሱቅ በሮች ላይ ያሉ ሰዎች ሰላምታቸውን ጀምረው ሳይጨርሱ ተዉት። ከሕንፃው ደረጃ ግርጌ ለተገብርኤል ቆመች።

«የቱ ላይ ነው?»

ዙሀራ አሳየቻት። ለተገብርኤል የብረቱን መደገፊያ ይዛ ያንን ደረጃ ሳትረግጥ ተሻገረችው።

ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከርና በገመድ የተሰጡ የሳሎኑ ፎጣዎች ነበሩ። ከፎጣዎቹ ወዲያ፣ ጥላ በማይደርስበት ቦታ፣ ወንበር ላይ በምግብ መሸፈኛ ላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ተኝቷል። የሕፃን ያህል ነበር። ለተገብርኤል ቀረበች።

የኮምፒዩተር ቀፎ ነበር።

«ፕላስቲኩ ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል» አለች ዙሀራ። «ክሬሙን ቀብቶ፣ ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ያስቀምጠዋል። እንደ ጸጉር ነው፤ ወደ ዱሮ ቀለሙ ይመለሳል። መጀመሪያ ሲነግረኝ አብዷል ብዬ ነበር። ቀትር ላይ መጥቶ ያገላብጠዋል፤ እኩል እንዲነጣ። ከዚያ ያጥበዋል። የዚያን ቀን ቀብቶት መውረዱ ነበር።»

«ከዚያ ወዲህ አልታጠበም?»

«የእሱን ሥራ እንዴት ልንካ?»

ለተገብርኤል ላስቲኩን ቀደደችው። ክሬሙ ደርቋል። በቆየበት ቦታ ሁሉ ፕላስቲኩ ከልኩ በላይ ነጥቷል፤ ባልደረሰበት ቢጫው እንዳለ ነው። ለምጽ የያዘው ይመስላል።

«ተበላሸ» አለች ዙሀራ።

«ሆዱ የት አለ?»

ፎጣ ማስቀመጫዋ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀፎ የሌለው ማሽን ራቁቱን ተቀምጧል። ብየዳው አዲስ ነው፤ ከአሮጌው አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ አዲሶቹ ነጥቦች ያብለጨልጫሉ። ዙሀራ ማብሪያውን ጫነችው። ማራገቢያው አጉረመረመ፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ቁጥሮች ወጥተው ሮጡ፣ ቆሙ። አንዲት ትንሽ መስመር ብልጭ ድርግም እያለች ትእዛዝ ጠበቀች።

«ማለልኝ» አለች ለተገብርኤል። «በቤቴ በር እንደማይገባ ማለልኝ።»

«በበርዎ አልገባማ።»

«ሴት ብትሆን ኖሮ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት!» ድምጿ ክፍሏን ሞላ። «ለዚህ ምን ይባላል? ለዚህ ማን ይሰደባል?»

«ይቆጣሉ ብሎ አይደለም የደበቀው። እንዳይፈሩ ነው።»

«ታዲያ በቀን ብርሃን ወደ አንቺ ሲወጣና ሲወርድ መታየቱ አያስፈራም?»

«እሱን አላሰበውም። እኔ ነበርኩ የማስበው።» ዙሀራ ማሽኑን አጠፋችው። «ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሲቀሩ ገባኝ። እህቴ ሳትቀር ጠየቀችኝ። ክሬሙን የሚቀባው ለኮምፒዩተር ነው ቢባል ማን ያምናል?»

«ለምን አላባረርሽውም?»

«ላባርረው ነበር። የሚቀጥለው ቅዳሜ ልነግረው ወስኜ ነበር።»

ለተገብርኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየችው፤ ሴትዮዋ ስለ ዋለችው ውለታ እየተመጻደቀች አልነበረም።

ወደ ጣሪያው ተመልሳ ቀፎውን በታንከሩ ቧንቧ ሥር አስቀመጠችው።

«ጓንት ያድርጉ፣ ያቃጥላል!»

«ኣይፋል፣ አልፈልግም» አለች ለተገብርኤል።

የደረቀውን ክሬም በባዶ እጇ ፈተገች፤ ማዕዘኖቹን፣ የአየር መውጫ ክፍተቶቹን፣ የፍሎፒ ዲስኩ ማስገቢያ ከንፈር ሳይቀር። የጣቶቿ ጫፍ ነጭ ሆነ። ንጹሕ ውሃ እስኪወርድ ድረስ አላቆመችም። ዝንጉርጉሩ አልለቀቀም።

ዳሱ ውስጥ ሲገቡ ሁሉም ይጠብቁ ነበር።

«እህስ?» አለች ሠርክአዲስ። «ምን አገኘሽ?»

«ኮምፒዩተር።»

«ኮምፒዩተር።»

«ክሬሙን የሚቀባው ለኮምፒዩተር ነበር። ያረጀ ፕላስቲክ ያነጣል።»

በዚህ ጊዜ ሳቁን በነጠላ ያፈነ አልነበረም። «ለኮምፒዩተር የጸጉር ክሬም!» አለች አንዷ፤ «የኔው ደግሞ ቴሌቪዥኑን ሹሩባ ያሠራ!» ሠርክአዲስ አልሳቀችም። የወንድሟን ሚስት በጥላቻ ሳይሆን በሐፍረት አየቻት፤ ይህ ከጥላቻው ይልቅ ከበደ።

እውነቱ ያን ያህል ብቻ ነበር፤ ቢቀጥሉት አይረዝምም። ዙሀራ አሁንም ዳሱ መግቢያ ላይ ቆማለች፤ ለመሄድ ግማሽ ፊቷን አዙራለች።

«ነይ» አለቻት ለተገብርኤል። «እዚህ ተቀመጪ።»

«ይህ የሥጋ ዘመድ ቦታ ነው» አለች ሠርክአዲስ።

«ጠጋ ይበሉ፣ እትዬ ሠርክ።»

«ብሞት!»

«እንግዲያው እኔም ቆሜ እውላለሁ።»

ቆመች። ሠርክአዲስ ከምንጣፉ ላይ ቀና ብላ አየቻት፤ የነጡትን ጣቶች አየች፤ ምንም አልጠየቀችም። በዚህ መካከል ከመግቢያው የእግር ድምፅ ተሰማ። ሀብቴ ነበር፤ የይበልጣል የዱሮ የሥራ ባልደረባ፣ ከመንገድ እንደገባ ገና ጓዙን ትከሻው ላይ እንደያዘ። ሰው ሲገባ ሐዘንተኛ ተጣልቶ አይታይም። ሠርክአዲስ የቀሚሷን ጠርዝ ሰብስባ አንድ ክንድ ያህል ተጠጋች።

ዙሀራ ተቀመጠች። ለተገብርኤልም ተቀመጠች።

ሀብቴ ጓዙን አስቀምጦ ጎንበስ አለ። የለተገብርኤልን እጅ ያዘ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። የሠርክአዲስን እጅ ያዘ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላት። ሦስተኛዋን አያውቃትም። እንደ ሁለቱ እጇን ያዘና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት።

«አሜን» አለች ዙሀራ።