ጫማ ልጦት

«ተቀመጪ» አለች አክስቷ፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ። «ሐዘንተኛ እንዲህ አይንቀዠቀዥም። ሰው ያየናል።»

ልጅቱ ተቀመጠች። ወንበሩ የኪራይ ነው፤ አንዱ እግሩ አጥሮ ይወዛወዛል። አጠገቧ ያለችው ጎረቤት የሟችን ደግነት ከሥር ከመሠረቱ እያነሣች ትተርክላት ነበር። ልጅቱ አንገቷን ትነቀንቃለች እንጂ ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት ላይ አልተነቀለም። ስምንት ከሩብ። አባቷ የተቀበረው ትናንት ነው። ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት ደግሞ የጦር ጉዳተኞችን ካሳ የሚወስነው ቦርድ የአባቷን ይግባኝ ለመጨረሻ ጊዜ ይሰማል።

የቦርዱ ጸሐፊ በስልክ የነገራት አጭር ነበር። ባለጉዳዩ ከሞተ ፋይሉ ይዘጋል፤ ቤተሰብ ሊቀጥለው የሚችለው በቀጠሮው ቀን አዲስ ማስረጃ ይዞ ከቀረበ ብቻ ነው። አዲስ ማስረጃ ማለት ምን ማለት ነው ብትለው፣ «በዓይኑ ያየ ሰው» አላት። ከዚያ ነፍስ ይማር ብሎ ዘጋው።

ተነሣች። ቴርሞሱን አነሣችና አወዛወዘችው፤ ሙሉ ነው። መልሳ አስቀመጠችው። ማንም ያልጠጣበትን ሲኒ ወስዳ አጠበች። ስትመለስ አክስቷ ከሩቅ በዓይኗ ወንበሩን አሳየቻት።

ልጅቱ ከመንገዱ ማዶ የፎቶ ኮፒና የማመልከቻ ቤት አላት፤ ዛሬ ተዘግቷል። ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ያስተማራት የለም። የሕጉን አንቀጽም ሆነ የደብዳቤውን ወግ የተማረችው፣ ባለጉዳይ ጥሎት ከሚሄደው የተበላሸ ኮፒ ላይ እያነበበች ነው። ሰፈሩ እሷ የጻፈችው ማመልከቻ ድንጋይ ያናግራል ይላል። ከሥራ የተባረረ ሹፌር መልሳለች፤ መበለት ከቤቷ እንዳትወጣ አስደርጋለች። የአባቷን ጉዳይ ግን አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ ተመልሶባታል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ ጉዳቱ ከግዳጅ ጋር ግንኙነት የለውም።

አባቷ ከጦሩ ከተሰናበተ ወዲህ የጣውላ መጋዘን ጠባቂ ነበር። ከግራ እግሩ ሦስት፣ ከቀኙ ሁለት ጣት የለውም። የቀረው ቆዳ እንደ ሻማ ያብለጨልጫል፤ ቢወጉትም ቢያቃጥሉትም አይሰማውም። ሰባት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ከበር እስከ አልጋው ድረስ በወለሉ ላይ የደም ነጠብጣብ አየች። ተከትላው ስትሄድ ተረከዙ ውስጥ ግማሽ ጣት የሚያህል ምስማር ተሰክቶ አገኘች። ከጠዋት ጀምሮ ረግጦት ሲዞር ውሏል። እሱ ጋዜጣ እያነበበ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እግሩን ዘርግቶ «እይልኝ» ይላታል። ጠዋት ደግሞ ጫማውን ከማድረጉ በፊት እሷ እጇን ከታ ከተረከዙ እስከ ጫፉ ትዳብሳለች፤ ጠጠር፣ ስንጥር፣ የምስማር ጫፍ። «ኬላ ላይ እንኳ እንዲህ አይፈተሽም» ይል ነበር። ስሟንም ፈታሿ አለው። ፈታሿ ተነሥታለች? ፈታሿ ሳታየኝ አልወጣም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላለፋትም ነበር፤ ካለፈው ሳምንት በቀር።

የተጣሉ ዕለት አምስተኛውን ይግባኝ እየጻፈች ነበር። ቦርዱ የያዘው የሕክምና መዝገብ ውሸታም ነው ብላ በአሥር ዓይነት መንገድ ጻፈች፣ ሰረዘች። በመጨረሻ ወደሱ ዞራ እግርህን በተጎዳህበት ቀን ያየ ሰው በሕይወት የለም ወይ ብላ ጠየቀችው፤ መልሱን የምታውቀው መስሏት ነበር። «አለ» አላት። የት ነው ብትለው፣ እዚሁ ከተማ ነው፣ በየዓመቱ እጠይቀዋለሁ አለ። እጇ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

«ስሙን ንገረኝ።»

«አልነግርሽም። ለእኔ ብሎ የዋለውን ውለታ እሱን መክሰሻ አላደርገውም።»

ስድስት ዓመት፣ አራት ይግባኝ፣ ያ ሁሉ ወረፋ። ንዴቷ ከአፏ ቀድሞ ወጣ።

«እንግዲያው እግርህንም እሱ ይይልህ» አለችው።

ስምንት ቀን አላየችለትም። እሱም አልጠየቀም፤ ማታ ማታ ካልሲውን ሳያወልቅ ይተኛል። በዘጠነኛው ቀን መጋዘኑ በር ላይ ወደቀ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ፤ እግሩ ላይ ምንም የለም አሉ። እሷ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻቸው።

ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት የመጋዘኑ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር፤ ዝቅ አድርጎ ማውራት የሚያውቁ መስሏቸው። አንደኛው ጣቱን የበላው ስኳር ነው አለ። ሌላው እሱ እንኳ ውርጭ ነው ይል ነበር አለ። ቦርዱም አላመነው፣ አለ የመጀመሪያው፤ ውርጭ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ጆሮውን ነበር የሚበላው።

«ጆሮው ደህና ነበር» አለች ልጅቱ፣ ከሲኒዎቹ ጋር ከላያቸው ቆማ። «ወሬያችሁን ሁሉ ሰምቶ ነው የሞተው።»

 አክስቷ መጥታ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ከሁለቱ ሰዎች ኋላ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩዋት። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበሩ፤ ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። አሁን ወደ ሰዎቹ ጎንበስ ብለው የምን ቦርድ እንደሆነ ጠየቁ። ሰዎቹ ነገሯቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አነሡ። ከዚያ ተነሡ፣ በሩ አጠገብ ያለውን የሐዘን መግለጫ ደብተር ከፍተው ጻፉና ወጡ።

ልጅቱ እጇን የምታሳርፍበት ነገር አጥታ ደብተሩን አነሣች። የመጨረሻው መስመር «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» ይላል። ስም የለውም።

ቃሉ አይደለም ያስደነገጣት። እጁ ነው። ፊደሎቹ ሁሉ ነፋስ እንደመታው አጥር ወደ ግራ አዘንብለዋል፤ መጨረሻቸው ላይ እንደ ጥፍር የቀጠነ ጭረት አለ። ይህን ጽሕፈት ስድስት ዓመት አይታዋለች፣ አጉልታዋለች፣ አድምቃ ኮፒ አድርጋዋለች። ቦርዱ በአባቷ ላይ ያለው ማስረጃ አንድ የጦር ሜዳ ሕክምና መዝገብ ገጽ ነው። ከአባቷ ስም ጎን የተጻፈው ሁለት ቃል ነው፦ ጫማ ልጦት፤ ተራ የጫማ ቁስል ማለት ነው።

ሽማግሌውን መንገዱ ጠርዝ ላይ ደረሰችባቸው። የሱቋን በር ከፍታ አስገባቻቸው። ፋይሉን አወጣችና ገጹን ፊታቸው ዘረጋችው።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

መነጽራቸውን ለማውጣት እንኳ አልሞከሩም። «ሳላየውም አውቀዋለሁ» አሉ።

የጦሩ ድሬሰር ነበሩ። ቁስል ያስራሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ መዝገብ ይይዛሉ። አባቷ ከላይኛው የተራራ ምሽግ ላይ ዘብ ሳለ በረዶው መንገዱን ዘጋው፤ ተተኪው መውጣት አልቻለም። ሁለት ቀን ከነሌሊቱ ባለበት ቆመ። ቃሬዛ ይዘው የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው። ጫማውን በመቀስ ቀደው ሲያወጡት እግሩ እንደ ከሰል ነበር። ያን ሳምንት ግን ከበላይ ትእዛዝ ወርዷል፤ እግሩን ውርጭ ያስበላ ወታደር፣ ከውጊያ ለመሸሽ ራሱን እንዳቆሰለ ይቆጠራል። ከሱ በፊት የመጡ ሁለት ልጆች ቃሬዛ ላይ እንደተኙ ተፈረደባቸው። በየትኛው ጽሑፍ እንደተፈረደባቸው ድሬሰሩ ያውቃሉ፤ የራሳቸው መዝገብ ነበር። በሦስተኛው ላይ ግን እውነቱን መጻፍ እጃቸው እምቢ አለ። ጣቶቹም የወደቁት ከወራት በኋላ፣ ከጦሩ ከተሰናበተ በኋላ ነው።

«እሱ ያውቅ ነበር?» አለች።

«አጠገቤ ተኝቶ ነው የጻፍኩት። አነበብኩለት። ያ ሁሉ ሕመም እያለበት ሳቀ። ‹ጫማው ምን በደለህ?› አለኝ።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች። ክዳኑን ከፈተች፣ ዘጋች።

«ይግባኝ እንደሚል አንድም ቀን አልነገረኝም» አሉ ሽማግሌው። «በየዓመቱ ይመጣል። እግርህ እንዴት ነው ስለው፣ እየሄደ ነው ይለኛል። አድኜዋለሁ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩት።»

«ከፍርድ አዳኑት። መዝገቡ ላይ ግን ቀበሩት።»

ካለችው በኋላ ልትመልሰው አልሞከረችም። እሳቸውም አልተቀየሟትም። ከጦሩ ከወጡ በኋላ ሃያ ዓመት ነርሶች እንዳስተማሩ ቀስ ብለው ነገሯት። የመጀመሪያ ቀን የመጀመሪያ ትምህርታቸው፣ ያላየኸውን አትጻፍ፣ ያየኸውን አታስቀር የሚል ነበር። ዛሬ ከተማው ውስጥ ባለ ሆስፒታል ሁሉ እሳቸውን መምህሬ የሚል ሰው አለ። ቦርዱ ውስጥም ሐኪም ሆኖ የተቀመጠው የሳቸው ተማሪ ነው።

«አባዬም ይህን ፈርቶልዎት ነው ዝም ያለው» አለች። «ስሙን ንገረኝ ስለው፣ የሰውየውን ውለታ መክሰሻ አላደርገውም አለኝ። ስምንት ቀን ተኳርፈን ነው የሞተው።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በጣታቸው ዙሪያ አዞሩት። በመጨረሻ ተነሡና «ላስብበት» አሉ።

ልጅቱ በዓለም ላይ ከዚህ ቃል የባሰ የምትጠላው የለም፤ የየመሥሪያ ቤቱ መዝጊያ ነው። ቢሆንም አንድ ነጭ ወረቀት ሰጠቻቸው። እኔ አልተይብልዎትም፣ ከእኔ ማሽን ከወጣ ልጅቱ ፈጠረችው ይላሉ፤ በእጅዎ ይጻፉት፣ የሚመሰክረው ያው እጅ ነው አለቻቸው። ወረቀቱን ሳያጥፉ ይዘው ወጡ።

በማግሥቱ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ መስኮቱ አጠገብ ነበረች። ፋይሉ ከቀሚሷ ላይ በደረበችው ሹራብ ሥር ነው። ቦርዱ ጋ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ይወስዳል። ሁለት ተኩል ሆነ። እንግዶች መግባት ጀመሩ፤ እጅ ሰጠች፣ ወንበር ጎተተች፣ ያልቆሸሸ ጠረጴዛ ወለወለች። ሦስት ሰዓት ሲሞላ ማንም ሳይመጣ ብቻዋን ለመሄድ ወሰነች። የሐዘን መግለጫ ደብተሩን ገጽ ቀድዳ ከመዝገቡ ኮፒ ጋር ታቀርባለች፤ ሁለቱን እጅ አመሳክሩ ትላለች። እንደማይበቃ ታውቃለች። ሰው ራሱ ካልመጣ ይቅርታ ምስክርነት አይሆንም።

አክስቷ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ገና ሦስት ቀን ያልሞላው ሐዘን ጥለሽ የት ነው ብላ ጀመረች፤ የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ በየቢሮው ስትዞር ሰው ምን ይላል፣ የሞተ ሰው ወረቀት ምን ይሠራለታል አለች። ልጅቱ መልስ ነበራት፤ ሁልጊዜም መልስ አላት። አሁን ግን ከአክስቷ ትከሻ በላይ ወደ ደጁ እያየች ነበር።

ሽማግሌው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል። ወረቀቱን ከኪሳቸው ሳይሆን ከሁለት ካርቶን መሐል አወጡት፤ እንዳይታጠፍ ነው። ለሷ ሳይሆን ለአክስቷ ሰጡ። አክስቷ ማንነታቸውን አላወቀችም፤ ግን ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ ቃል በቃል አነበበችው።

«በዚያን ቀን በዓይኔ ያየሁት የውርጭ ጉዳት ነው። ግዳጅ ላይ ቆሞ ነው የደረሰበት። ጫማ ልጦት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጫማው አልበደለም።»

የመጨረሻው ቃል ማመልከቻ ላይ የሚባል አይደለም። ከባለጉዳይ እጅ ብታገኘው ወዲያው ትሰርዘው ነበር። እንዳለ ተወችው።

«ተማሪዎ እዚያ ይኖራል» አለች።

«ይኑር» አሉ ሽማግሌው። «ዛሬ ደግሞ ሁለተኛውን ትምህርት ይስማ።»

አክስቷ ወረቀቱን ወደ ካርቶኑ መለሰችው። የቤቱን ሰው ዞር ብላ አየች፤ ሁሉም ያያታል። ከራሷ ላይ ነጠላዋን አውርዳ በልጅቱ ትከሻ ላይ ጣለችው።

«ሂጂ» አለች። «የት ሄደች ካሉኝ አባቷ ልኳት ነው እላለሁ።»

ልጅቱ ጫማዋን ለማድረግ ጎንበስ አለች። የአባቷ ጫማ ከሷው ጎን፣ ከመጋዘኑ ሲያመጡት እንዳስቀመጡት ነበር። እጇ ሳታዘው ሄደ። ቀኙን አነሣችና ከተረከዙ ጀምራ ዳበሰች። ሶሉ መሐል ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጠጠር አገኘች። ለራሷ ጉድጓድ ሠርታ ተቀምጣለች፤ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

ጠጠሯን መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ሽማግሌው አውቶቡሱ እንዳያመልጠን አላሉም።

ከዚያ የግራውን ጫማ አነሣችና፣ በጎደሉት ጣቶች ቦታ እስከተጠቀጠቀው ጥጥ ድረስ፣ ቀስ ብላ ፈተሸችው።