ጅቦቹ ለቅሶ የደረሱ ቀን

ኑ ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ። ወንበር እንኳ የለኝም፤ እነዚያን የለስላሳ ሳጥኖች ገልብጡና ተቀመጡባቸው። ደንበኛ ሲመጣ እኔ ተነስቼ እሸጣለሁ፤ እናንተ ጆሯችሁን ብቻ ስጡኝ። ተማርኩ የምለው እስከ አምስተኛ ክፍል ነውና ነገር ማሳመር አላውቅበትም። የሆነውን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

እዚህ በሰው አገር፣ ቴምቢሳ የጥቁሮቹ ሰፈር ውስጥ ይህቺን ሱቅ ስይዝ፣ ማዶ ያለው የቆርቆሮ ጋራዥ የሞተረኞች ማኅበር ቤት መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ቅዳሜ ሲደርስ ራሴ ሰማሁት። መደርደሪያው ላይ ያሉት የሰርዲን ቆርቆሮዎች እየተንቀጠቀጡ እርስ በርሳቸው ይጋጩ ጀመር። ብቅ ብዬ ባይ፣ ጥቁር የቆዳ ሰደርያ የለበሱ ግዙፍ ግዙፍ ወንዶች፤ በሁሉም ጀርባ ላይ ጥርሱን ያገጠጠ የጅብ ራስ። ሰፈርተኛው "ጅቦቹ" ይላቸዋል። እኛም ሐበሾቹ እንዲሁ።

ስለ እነሱ የማይባል አልነበረም። ሰው ገድለው ማዕድን ጉድጓድ ይጥላሉ ይባላል፤ ፖሊስ እንኳ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል ይባላል። ንጹሐን ናቸው አልላችሁም። አንድ ሰውዬ በአንገትጌው እየጎተቱ ወደ ጋራዡ ሲያስገቡት በዓይኔ አይቻለሁ። እንዴት ሆኖ እንደወጣ ግን አላየሁም። ከጀፕስታውን፣ እኛ ጄፒ ከምንለው የሐበሾች ሰፈር፣ ሊጠይቁኝ የሚመጡ የጸሎት ኅብረት ወገኖቼ "ጋሼ ዱካሞ፣ ከዚህ ሰፈር ይውጡ እንጂ" ይሉኝ ነበር። ወዴት እንደምወጣ የሚነግረኝ ግን አልነበረም። ቀስ በቀስ መምጣታቸውም ቀረ።

የሞተረኞቹ አለቃ ምዱዱዚ ይባላል። ጢሙ መሸበት የጀመረ፣ በር የሚሞላ ሰው። ጠዋት ጠዋት ዳቦና አንድ ፍሬ ሲጋራ ይገዛኛል። ሌላው ደንበኛ እንደምታውቁት የእኛን ሰው ሁሉ "ማይ ፍሬንድ" ነው የሚለው፤ ስም የለንም። እሱ ግን "ማዳላ" ይለኛል፣ ሽማግሌው ማለቱ ነው።

"ማዳላ፣ ይሄ ዳቦ የትናንት ነው።"

"ጅብ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ትኩስ ዳቦ የሚመርጠው?"

ይስቃል። ሲስቅ የሱቄ የብረት ፍርግርግ ሁሉ ይርገበገባል። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንዳንድ ቀን ከዚያች ቀልድ በቀር ከሰው ጋር ሳላወራ ይመሽ ነበር። ዕቃ መሸጥ ጨዋታ አይደለም።

ባለቤቴ የዓለምወርቅ ሆሳዕና ነበረች። የእኔ የጥገኝነት ወረቀት ከወጣሁ መልሶ አያስገባኝም፤ እሷም ልቧን ያማት ነበርና መንገዱን አልደፈረችውም። ትዳራችን በስልክ ሆነ። ሱቁን ስዘጋ ትደውላለች።

"ምን በላህ?"

"ዳቦ።"

"ዛሬም?"

ይኸው ነው። ይህቺን "ዛሬም?" ለመስማት ነበር የምውለው።

አንድ ማለዳ ሱቁን ሳልከፍት ልጃችን ፊቤ ደወለች።

"አባባ፣ ሰው አጠገብህ አለ?"

እኛ ዘንድ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ በማለዳ ደጁ ደርሰው፣ ከግራ ከቀኝ ይዘውት ነው የሚነገረው። ልጄ ይህን ነው የጠየቀችው። ገና ጥያቄዋን ስሰማ ነገሩ ገባኝ። ቀና ብዬ ቤቱን አየሁ። የዱቄት ከረጢት፣ ሳሙና፣ የፀጉር ቅባት።

"አለ" አልኳት።

"ማን ነው ያለው?"

"አለ ልጄ፤ ሰው አለ። ንገሪኝ።"

ነገረችኝ።

ከዚያ ለጌዴዎን ደወልኩ፤ የጄፒ ኅብረታችን መሪ ነው። "ጌታ ያጽናናዎት ጋሼ፣ ሁላችንም እንመጣለን" አለኝ። ስልኩን አስቀመጥኩና የብረት ፍርግርጉንም በሩንም ወለል አድርጌ ከፈትኩ። የለቅሶ ቤት ይዘጋል እንዴ? አንኳኩቶ የሚገባ ለቀስተኛ የለም፤ በሩ ተከፍቶ ነው የሚጠብቀው። ቴምቢሳ ውስጥ ፍርግርጉን ከፍቶ የሚቀመጥ ነጋዴ እንደሌለ በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም። መሬት ላይ ካርቶን አንጥፌ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ አልኩ።

አላለቀስኩም። የዓለምወርቅ ሆሳዕና ውስጥ ያልደረሰችበት ለቅሶ አልነበረም። ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን፣ እሷ ራሷ ታማ ብትሆን፣ ተነስታ ትሄዳለች። እንዲህ ያለች ሴት በአንድ ሰው እንባ ብቻ አትሸኝም ብዬ እንባዬን ይዤ ወገኖቼን ጠበቅሁ።

ሁለት ጎረምሶች መጥተው ደጁ ላይ ቆሙ። እኔን አዩ፣ መደርደሪያውን አዩ፣ ተንሾካሾኩ። በዚህ መሃል ምዱዱዚ ለዳቦው መጣ።

"ማዳላ፣ አበድክ? በርህ ክፍት ነው እኮ።"

"ሚስቴ ሞተች።"

ባለበት ቀረ። ጥቁር መነጽሩን አወለቀ።

"ዝጋው። ይዘርፉሃል።"

"የለቅሶ ቤት አይዘጋም። ሰው ይመጣል።"

"ማን ነው የሚመጣው?"

"ወገኖቼ።"

መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየው። ከሁለቱ ጎረምሶች በቀር ማንም የለም። ዞር ብሎ አፈጠጠባቸው፤ እነሱም ሄዱ። ከዚያ ዳቦውን ሳይወስድ መንገዱን ተሻገረ።

ጥቂት ቆይቶ የጋራዡ በር ተከፈተ። ሞተራቸውን ሳያስነሱ፣ በእጃቸው እየገፉ፣ ተከታትለው ወደ እኔ መጡ። አልዋሻችሁም፣ ፈራሁ። በሩን የከፈትኩት ራሴ ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ? "ጅብን የሚጠራው ሬሳ ነው" አልኩ በልቤ። ሞተሮቹን ከደጄ ፊት ጎን ለጎን ደረደሯቸው። ሄልሜታቸውን አወለቁና መሬት ላይ አኖሩት። ምዱዱዚ ጎንበስ ብሎ ገባና ካርቶኔ ላይ ከጎኔ ቁጭ አለ።

"እኛም ዘንድ ወግ አለ" አለኝ። "የወንድም ቤት ሐዘን ሲገባ ደጁን እንጠብቃለን። በርህ ይከፈት፤ ማንም አይነካህም።"

"እኔ ወንድማችሁ አይደለሁም።"

"ዳቦህን በልቻለሁ" አለ። "የትናንቱን ጭምር።"

እንዲህ ሆነን ዋልን። ቀትር አለፍ እንዳለ ስሟን ጠየቁኝ። የዓለምወርቅ አልኳቸው። እያፈራረቁ ሊጠሩት ሞከሩ፤ ምላሳቸው አልታዘዝ አላቸው። ከዚያ ምዱዱዚ እጁን ሲያነሳ ሁሉም ሞተራቸውን አስነሱ። ንቅንቅ ሳይሉ፣ ባሉበት ሆነው አስጮኹት። እግዚኦ! ወለሉ ራደ፤ ሰርዲኖቹ እየተንከባለሉ ወረዱ። ለካ የእነሱ ሙሾ ይህ ነው፤ ለሟች የሚያለቅሱት በሞተር ነው። እንባዬ መጣ። ወገኖቼ ይድረሱ ብዬ ዋጥኩት።

በዚያ ጩኸት መሃል ወደ መንገዱ ጥግ ስመለከት ሁለት መኪኖች ቆመው አየሁ። ወዲያው ዞረው ሄዱ። መንገድ የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው ብዬ ተውኩት።

ዘግየት ብሎ ስልኬ ጠራ። ጌዴዎን ነው፤ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው።

"ጋሼ፣ በሕይወት አሉ?"

"ምን ሆኜ እሞታለሁ? የሞተችው ሚስቴ ናት።"

"መጥተን ነበር እኮ! በሁለት መኪና ሆነን ጥግ ድረስ መጥተን ነበር። ጅቦቹ ቤትዎን ከበው ሞተር ሲያስጮኹ አየን። ያበቃልዎት ነው የመሰለን። ተመልሰን ጸሎት ያዝን። ኮሚቴም አቋቁመናል።"

"የምን ኮሚቴ?"

"ሬሳዎን አገር ቤት ለመላክ።"

በዚያ ቀን ሳቅ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሳቅሁ። "በሉ ኮሚቴውን በትኑት። ሰዎቹ ለቅሶ ነው የመጡት።"

"ይሁና። እንግዲያው ያሰናብቷቸውና እንመጣለን። ሴቶችም ሕፃናትም ይዘናል ጋሼ። በእነሱ መሃል እንዴት ብለን እናልፋለን?"

ጌዴዎን ክፉ ሰው አይደለም። ወንድሙን በዚህ አገር ጥይት ተነጥቆ የቀበረ ሰው ነው። እኔም ወገኖቼን ናፍቄ ነበር፤ በገዛ ቋንቋዬ "አይዞህ" የሚለኝ አንድ ሰው ፈልጌ ነበር። "ሂዱልኝ" ብላቸው ይሄዱ ነበር፤ ጄፒም ተነስቶ ይመጣልኝ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ለቅሶ የደረሰ ሰው አይባረርም፣ ጌዴዎን" አልኩት። "የዓለምወርቅ ብትሰማኝ ምን ትለኛለች?" ስልኩን ዘጋሁት።

ምዱዱዚ ቋንቋችንን አይሰማም፤ ነገሩ ግን ከፊቴ ገባው።

"እኛን ፈርተው ነው?"

"አዎ።"

"እንሂድ?"

"ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ቆይቶ፣ እኔን ሳያይ፣ "እናቴ ስትሞት ጎረቤቶቹ መጋረጃ ገለጥ አድርገው ነው ያዩን" አለ። "እሷ ያሳደገቻቸው ሰዎች ናቸው። ድስት ይዞ የመጣ አልነበረም። እኛ ደጁ ላይ ስለነበርን።" የሰደርያውን ጠርዝ በጣቱ ያሻሽ ነበር። "አልፈርድባቸውም። ይህን የለበስኩት እኔ ነኝ።"

ሁለታችንም መንገዱን አየን። የሚመጣ የለም። ደጄ በሰው ተሞልቶ እንደዚያ ሰዓት ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም፤ እሱም እንደኔው መሰለኝ።

ወደ ማምሻው ላይ ታክሲ ጥግ ቆሞ አንዲት ሴት ወረደች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። መሰረት ናት፤ ጄፒ የሕፃናት ልብስ የምትሸጥ እህት። የዓለምወርቅ ስትታመም ጸልዩልኝ እያልኩ ስሟን ስጠራ ከመስማቷ በቀር መልኳን እንኳ አታውቀውም። ሞተሮቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ሰዎቹን አንድ በአንድ ስታያቸው ከውስጥ ይታየኛል። ልጠራት ነበር፤ ግን ለቀስተኛ አይጠራም፣ ራሱ ነው የሚመጣው። አንዱ ሞተሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ መንገድ ለቀቀላት።

ገባች። "ወይኔ ጋሼ! ወይኔ የዓለምወርቅ!" ብላ ፊቴ ተንበረከከች።

ስሟን አስተካክሎ የጠራ ሰው በዚያ ቀን የመጀመሪያው እሷ ናት። የያዝኩትን እንባ ሁሉ ያኔ ለቀቅሁት።

በኋላ፣ ረጋ ስንል፣ "እንዴት ደፈርሽ?" አልኳት።

"ልመለስ ነበር ጋሼ። ከዚያ ሄልሜቶቹን መሬት ላይ አየኋቸው። ሊገድል የመጣ ሰው ራሱን ገልጦ አንገቱን አይደፋም አልኩ።" አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። "ደግሞም ታክሲው ጥሎኝ ሄዶ ነበር።"

ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ መዝሙር ጀመረች። ከደጅ ያሉት ሰዎች ዜማውን ከሥር ተቀበሏት። ቃሉን አያውቁትም፤ ብቻ በወፍራም ድምፃቸው አጀቧት። ዘፈን ላይ ይህ አገር ማንንም ብቻውን አይተውም።

ያኔ ፊቤ ደወለች።

"አባባ፣ ሰው አጠገብህ አለ?"

ስልኩን ወደ ደጅ ዘረጋሁት፣ ትስማ ብዬ።

"እነማን ናቸው?"

"ለቀስተኞች ናቸው ልጄ" አልኳት።

ጌዴዎንና ሌሎቹ በሦስተኛው ቀን፣ ሞተሮቹ ከተነሱ በኋላ መጡ። ጸለዩልኝ፤ ምግብም ይዘው ነበር። አልተወቃቀስንም። ዛሬ ማኅበሩ የለም፤ ጋራዡ ጎማ መጠገኛ ሆኗል። ምዱዱዚ ታስሯል የሚሉ አሉ፣ ደርባን ነው የሚሉም አሉ። ምን አድርጎ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጠዋት ግን የሞተር ድምፅ ስሰማ አሁንም ቀና እላለሁ። ሌላ ሰው ይሆናል፤ ያልፋል።

በሉ ልጆቼ፣ መሸባችሁ። የዓለምወርቅን አታውቋትም፤ ስሟን ግን ዛሬ ሰምታችኋል። በዚህ በሰው አገር የተከፈተ የለቅሶ ደጅ ያያችሁ ቀን፣ ደጁ ላይ የቆመው ማንም ይሁን ማን፣ እባካችሁ እሷን አስታውሱልኝና ግቡ።